ከበቅሎ ጀርባ እስከ ኮንኮርድ ዋዜማ

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብዙ ተጽፏል። የዘውድ በዓሉን፣ የጄኔቩን ንግግር፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ምሥረታና በመጨረሻ የተሳፈሩባትን ቮልስዋገን ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያንን ሁሉ እንደገና ለመተረክ አልተነሣሁም። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። እኚህ ሰው በኖሩባቸው 83 ዓመታት የሰው ልጅ ከበቅሎና ከፈረስ ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላንም ከድምፅ ወደሚፈጥን የመንገደኞች ጄት ተሸጋገረ። እርሳቸውም ከመጨረሻው በስተቀር በየደረጃው ተሳፍረዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት የገዛ አገራቸውን ምን ያህል አቀረበላቸው? መልሱን ስፈልግ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ ደጋ። ዘመኖቹን ሁሉ ያስቀመጥኋቸው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ በዓለም ላይ በሞተር የሚበር አንድም አውሮፕላን አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ከመሬት ያነሡት በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ተፈሪ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ራስ መኰንን ከሐረር ሸዋ ለመድረስ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። ሹመትም፣ ግብርም፣ የጦር ወሬም የሚሄደው በእንስሳ እግር ልክ ነው። የዘመኑ ሰው ርቀትን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በስንት ቀን መንገድ ነበር።

በኅዳር 1915 ዓ.ም. የ30 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ወደ ኤደን ተሻገሩ። እዚያ የነበረው የእንግሊዝ አየር ኃይል የበረራ ትርኢት አሳያቸው። አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ማየቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ ልሳፈር ብለው ጠየቁ። የኢትዮጵያ እንደራሴ እንደ መሆናቸው ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድመው መብረር የሚገባቸው እርሳቸው መሆናቸውንም ገለጹ። ያቺ አውሮፕላን ባለ ድርብ ክንፍ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ነፋስ ፊት ላይ የሚጋረፍባት ነበረች። መኳንንቱ በድንጋጤ እየተመለከቱ ተፈሪ ከመሬት ተነሡ። በታሪክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን መንገደኛ እርሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ አውሮፕላን ከሐሳባቸው አልወጣም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረራት ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ አረፈች። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ደግሞ የጀርመን ሥሪት የሆነች ዩንከርስ ተከተለች። የከተማው ሕዝብ ለትርኢት ወጥቶ ሲያደንቃት የነበረችው ፖቴዝ ግን ሰባት ወር ተኩል ሳይሞላ ለሌላ ሥራ ዋለች። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌ ሸፍተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ጦርነት ሲገጥሙ፣ አውሮፕላኗ ከላይ መጥታ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቀው የራስ ጉግሳ ሠራዊት ተደናገጠ፤ ራስ ጉግሳም በዚያው ዕለት ወደቁ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ይህችን መጋቢት 22 ቀን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የአየር ትርኢት እንዲኖር ታስቦ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁሩ አብራሪ ሒዩበርት ጁሊያን ለበዓሉ በሚደረገው ልምምድ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አውሮፕላን ከሰከሳት፤ ከአገርም ተባረረ። በጎ ዜናም ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ አገር በቀል አብራሪዎች ሆነው ብቅ አሉ። ይሁን እንጂ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲወረን የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና የጦር መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በእነዚያው መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። የጠላት አውሮፕላኖች ግን በመቶ ይቆጠሩ ነበር።

ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ተመታች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ ማይጨው መጣ። ቀኑ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። አንቺም ላይ የእርሳቸው አውሮፕላን በራስ ጉግሳ ሠራዊት ላይ ቦምብ ከጣለች ልክ ስድስት ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ! አሁን ግን ከሰማይ የሚወርድባቸው እርሳቸው ላይ ነው። ያሸነፋቸው የጠላት ጀግንነት ብቻ አልነበረም፤ መድፉና አውሮፕላኑ፣ ከሁሉም በላይ የመርዝ ጋዙ ነው። ሠራዊቱ ወደ ኋላ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አውሮፕላኖቹ ተከትለው ሰውንም፣ ከብቱንም፣ ውኃውንም መርዝ አርከፈከፉበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያስገርማል። ከኋላቸው ጠላት እየገሠገሠ፣ ከላያቸው አውሮፕላን እያንዣበበ፣ ዋናውን መንገድ ትተው ወደ ላስታ ተራሮች ታጠፉ። በሚያዝያ ላሊበላ ገብተው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ጸለዩ። ለመማረክ ቅርብ ነበሩ። ጥቂት ቀናት ቆይተው ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ደሴ ከሚያዝያ 7 ቀን ጀምሮ በጠላት እጅ ነበረች። በወረኢሉና በፍቼ በኩል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 22 ቀን ነው። ከማይጨው አዲስ አበባ አንድ ወር ሙሉ ፈጀባቸው።

እኔ ላስታን መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣችው ባለ ማራገቢያ አውሮፕላን ሰዓት ያህል እንደበረረች አምባዎቹ ከሥራችን ተደረደሩ። የተከዜ መነሻ ገደሎች፣ በገደሎቹ አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉ ማሳዎች፣ በሁለት ማሳ መካከል ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሸለቆ። ከመስኮቱ ሲታይ ሁሉም የተጠጋጋ ይመስላል። አንዱ ቀዬ ከሌላው ቀዬ በድምፅ የሚጠራሩ ይመስልዎታል። ካረፍን በኋላ ነው ነገሩ የተገለጸልኝ። የአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ታች ቆላው ላይ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተሰቅላለች። በማግሥቱ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ስወጣ ከአውሮፕላን ላይ አንዲት ቀጭን መስመር የምትመስለው ዳገት ጉልበቴን ጨርሳ ነበር። ያን ጊዜ ያንን የተሸነፈ ሠራዊት አሰብሁት። ከላይ ለሚያየው አብራሪ ላስታ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለሚጓዘው ሰው ግን ከእነ ገደሉ፣ ከእነ ዳገቱ ነው። በዚያች ሚያዝያ ንጉሡም ከተራው ገበሬ እኩል የሚጓዙ ነበሩ።

ላሊበላ ሁለተኛይቱ ኢየሩሳሌም ትባል የለ? ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ በጅቡቲና በባሕር በኩል ወር ሳይሞላ እውነተኛይቱ ኢየሩሳሌም ገቡ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ዘለቁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት በአብዛኛው ስለ አውሮፕላን መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከአየር ስለሚረጨው መርዝ፣ ስለ ሴቶችና ሕፃናት፣ ስለ ተመረዙት ወንዞችና ግጦሾች ዘርዝረው አስረዱ። በኤደን ሰማይ ላይ በደስታ ከበረረው ወጣት ጋር አንድ ሰው መሆናቸውን ማመን ያስቸግራል።

የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ነው። ቤቱን ኋላ ለከተማይቱ አረጋውያን ሰጥተውታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግሊዝ በሄድሁበት ጊዜ ይህንን ቤት አይቼ ነበር። ያላሰብሁት ነገር የገጠመኝ በማግሥቱ ነው። ከዚያ ቤት በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በብሪስቶል ከተማ ዳርቻ፣ ፊልተን የሚባል የአውሮፕላን ፋብሪካ መንደር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ ሳሉ እዚያ ለጦርነት የሚሆኑ አውሮፕላኖች ይሠሩ ነበር። እንግሊዝ የገጠመቻቸው ኮንኮርዶች በሙሉ ከ30 ዓመት በኋላ የወጡት ከዚሁ ቦታ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የበረረችው ኮንኮርድም ዛሬ እዚያው ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ወደ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ጥበቷ ነው። አንድ ሰው በዓለም ላይ እጅግ ውድ የሆነውን ቲኬት ገዝቶ የሚሳፈርባት አውሮፕላን እንደዚህ ጠባብ ትሆናለች ብዬ አልገመትሁም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሮቹ ሁለት ሁለት፣ ሁሉም ተደምረው 100፣ መስኮቶቹ ደግሞ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ ናቸው። በረራዋን የቀመሱ ሰዎች የሚተርኩት ግን ሌላ ነው። ስትነሣ ወንበሩ ጀርባን ይገፋል። ከድምፅ ፍጥነት ስታልፍ ተሳፋሪው ምንም አይሰማውም፤ ከፊት ለፊቱ የተሰቀለው ቁጥር ማሳያ ባይነግረው ኖሮ አያውቅም ነበር። ፍጥነቷ ከድምፅ እጥፍ ሲሆን፣ በሰዓት 2,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ መጠጡ ብርጭቆው ውስጥ አይነቃነቅም። መስኮቱን ሲነኩት ግን ይሞቃል፤ አየሩ እየፈተገው ነውና። በ18,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሰማዩ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ የምድርም ጉብጠት ይታያል። ከለንደን ኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሚፈጅባት፣ ጠዋት የተነሣ ሰው የሚደርሰው በኒውዮርክ ሰዓት ከተነሣበት ቀደም ብሎ ነው። ፀሐይን ቀደመ ማለት ነው።

እዚያው ቆሜ አንድ ስሌት ሠራሁ። ከማይጨው አዲስ አበባ በአየር ከ430 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ንጉሠ ነገሥቱን 30 ቀን የፈጀባቸው መንገድ ለኮንኮርድ 12 ደቂቃ ነው።

እርሳቸው ግን ከዚያ ከባዝ ወደ አገራቸው የተመለሱት ዝግ ባለ አውሮፕላን ነው። በሰኔ 1932 ዓ.ም.፣ ፈረንሳይ በወደቀች ሰሞን፣ በውኃ ላይ በምታርፍ ሰንደርላንድ የጦር አውሮፕላን ተሳፍረው በምስጢር እስክንድርያ ገቡ፤ ከዚያም ካርቱም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። የቀረውን መንገድ በበቅሎ፣ በእግርና በመኪና አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ሰማዩ በዚህ ጊዜ ከእርሳቸው ጋር ነበር።

አውሮፕላን ሊያጠፋም ሊያነሣም እንደሚችል ከእርሳቸው በላይ የቀመሰ ንጉሥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህም ይመስለኛል ጦርነቱ ገና ሳይበርድ አየር መንገድ ለማቋቋም የተጣደፉት። ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ኩባንያ ጋር ተዋውለው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ከጦርነት የተረፉት ዳኮታዎች በግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያላቸው፣ መሐላቸው ጭነት የሚደረደርባቸው ነበሩ። ኋላም ዳኮታ በደረቅ ወራት ላሊበላ አጠገብ ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ጀመረች። ብዙ የላስታ ገበሬ መኪና ሳያይ አውሮፕላን አይቷል።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረባቸው። በሞንሮቪያና በአስመራ በኩል ተመልሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤተ መንግሥታቸው ገቡ። በ1928 ዓ.ም. አውሮፕላን ዙፋናቸውን ወስዶባቸው ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. መለሰላቸው። የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። ቦይንግ 720 ጄቶች ገቡና ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ድርጅታቸውን መሠረቱ። በኅዳር 1956 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ ንጉሠ ነገሥቱ በሦስተኛው ቀን ዋሽንግተን ላይ ከቀብሩ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ የራስ ተፈሪያን ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ለመውረድ እንኳን ተቸግረው ነበር። በ1958 ዓ.ም. አካባቢም ደብረ ዘይት ከድምፅ የሚፈጥኑ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ተቀበለች። የፍጥነት ነገር አገራችንም ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ለተዋጊው እንጂ ለመንገደኛው አይሁን እንጂ።

የመንገደኛው ደግሞ እየመጣ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ቱፖሌቭ 144ን በታኅሣሥ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ኮንኮርድን በየካቲት 1961 ዓ.ም. አበረሩ። ታላላቅ አየር መንገዶች ለኮንኮርድ ተሰለፉ። የእኛ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም። በጥር 1965 ዓ.ም. ግን ፓን አሜሪካንና የእኛው የቀድሞ አጋዥ ቲደብሊውኤ ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ቀን ልምጣ። ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. በአፍሪካ ላይ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። በምድር ላይ ያለ ሰው ሙሉውን ግርዶሽ የሚያየው ቢበዛ ለሰባት ደቂቃ ነው። አንድሬ ቱርካ ያበረራት የመጀመሪያዋ ኮንኮርድ ግን ሳይንቲስቶች ጭና ከካናሪ ደሴቶች ተነሣችና የጨረቃን ጥላ እየተከተለች እስከ ቻድ በረረች። በዚያ ጥላ ውስጥ 74 ደቂቃ ቆየች። ሰው ከዚያ በፊት ያን ያህል በግርዶሽ ውስጥ ቆይቶ አያውቅም። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ የጄኔቭ ንግግር 37ኛ ዓመት ነበረች።

በዚያው ሰኔ ወሎ ምን ላይ ነበረች? ዝናብ ከቀረ ቆይቶ ነበር። ራያ፣ የጁ፣ ላስታ፣ ዋግ ተርበው፣ ሕዝቡ ከደጋው እየወረደ ከደሴ ወደ ቆረም በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ተደርድሮ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ቦታው ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ገደማ በግቢው ውስጥ አሳይተዋል። በግንቦት ግን ቦሌ የአፍሪካ መሪዎችን ጄቶች እየተቀበለ ነበር፤ የድርጅቱ አሥረኛ ዓመት ይከበር ስለነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ወር ዋሽንግተን ድረስ በረው ፕሬዚዳንት ኒክሰንን አግኝተዋል። የረሃቡ ነገር በአደባባይ አልተነገረም። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ሲያሳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ ነው። በረሃቡ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል።

እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። ረሃቡን የደበቁት ሹማምንት ነበሩ፤ ሥርዓቱም ነበር፤ እርጅናም ነበር። ግን ጥያቄዬን መልሼ ልጠይቅ። ዋሽንግተን በሦስት ቀን ውስጥ ለቀብር የሚደርሱ ንጉሥ፣ ያውም በ1928 ዓ.ም. በዚያች በላስታ ዳገት በበቅሎ ያለፉ ንጉሥ፣ የዚያን አገር ረሃብ ለማየት ለምን ከዓመት ያላነሰ ፈጀባቸው? ጄቱ ነበረ፤ ሜዳውም ነበረ። የራቀው ሌላ ነገር ነው።

በዚያን ሰሞን ለረሃብተኛው የደረሰው አውሮፕላን ምን ዓይነት እንደነበረ ማስታወስም ደግ ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ያመላለሰ፣ ከድል በኋላም ለአሥር ዓመት ያህል የአየር ኃይላችንን ወጣቶች ያሠለጠነ ሰው ነው። በረሃቡ ዘመን 60 ዓመቱን አልፎ ተመለሰና በትንንሽ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና ለማይደርስባቸው መንደሮች እህል መጣል ጀመረ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። እነዚያ አውሮፕላኖች ከኮንኮርድ ፍጥነት አሥር አንድ እጁን አያህሉም ነበር።

የቀረው ቶሎ ቶሎ የሆነ ነው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ። ያ ዋጋ ነዳጅ የምትጠጣውን ኮንኮርድ ገበያ አሳጣት፤ 20 ብቻ ተሠርተው ለሁለት አየር መንገዶች 14ቱ ቀሩ። ያው ዋጋ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ አስነሣ፤ አብዮቱም ከዚያ ቀጠለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀያየረ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድመው የበረሩት ሰው የመጨረሻ ጉዟቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር በትንሽ መኪና ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው በክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ከ25 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ኮንኮርድ መንገደኞች መጫን የጀመረችው እርሳቸው ካረፉ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። የኦሜድላ 35ኛ ዓመት መሆኑ ነው። በሕይወት ቢኖሩና ዙፋናቸው ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሳይሳፈሩ ይቀሩ ነበር ብዬ አላስብም፤ በኤደን ልሳፈር ያሉት ሰው ናቸውና። እርሷም ብትሆን ዘመኗ አልረዘመም። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. አንዷ ፓሪስ አጠገብ ተከስክሳ 113 ሰው አለቀ። ጥቅምት 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የመጨረሻ መንገደኞቿን አራገፈች። የሰው ልጅ ከዚያ ወዲህ ከድምፅ እየፈጠነ የሚጓዝበት የመንገደኞች አገልግሎት የለውም።

ታዲያ ፍጥነት ምን ያህል አቀረበላቸው? እንደሚመስለኝ ዓለምን አቅርቦላቸዋል። ጄኔቭን፣ ዋሽንግተንን፣ ኪንግስተንን፣ ፔኪንግን ጎረቤት አድርጎላቸዋል። ለዚህም ባለ ዕዳዎች ነን፤ ያቋቋሙት አየር መንገድ ሥርዓት ቢለዋወጥም ጸንቶ እስከ ዛሬ ያኮራናል። ላስታን ግን አላቀረበላቸውም። ላስታ ቅርባቸው የነበረችው በበቅሎ ሳሉ፣ ተሸንፈው፣ ከላይ የሚበረው የጠላት በሆነበት በዚያች ሚያዝያ ነው።

ይህ የእርሳቸው ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው መንግሥትም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት እንዴት እንደወደቀ እናውቃለን፤ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ቆረም ላይ ሕዝብ ያልቅ ነበር። እኛም ብንሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ቁርስ የበላንበት ሆድ ሳይጎድል ዱባይ የምናርፍ ሰዎች፣ ከመስኮታችን ሥር ባለው ደጋ ላይ ዘንድሮ ዝናብ መዝነቡን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሥራችን የሚያልፈው መንደር ትንሽ የሚመስለው እኛ ከፍ ስላልን ነው። በዚያ መንደር ያለው ሰው ቀና ብሎ የአውሮፕላናችንን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ የእርሱ ድምፅ እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት መጠየቅ የሚገባን ይመስለኛል።